ጥፍር የማይፈውሰው ማሳከክ

አበው ሲተርቱ «እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም» ይላሉ። ችግሩን ያመጣ አምላክ መውጫውንም አብሮ ያዘጋጃል ለማለት የተነገረ መጽናኛ ስለሆነ፣ በተረቱ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ተረቱን ያለ ቦታው ከተጠቀመበት ሰው ጋራ ነው፤ ያም ሰው እኔው ራሴ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለፈው ዓመት በሹዋሊድ በዓል ሰሞን፣ በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ተወልደው ያደጉ፣ ከብዙ ዘመን በፊት ግን ወደ ካናዳ ተሻግረው በቶሮንቶ ከልጆቻቸው ጋራ የሚኖሩ አንድ የቤተሰባችን ወዳጅ አገራቸውን ለማየት መጥተው ነበር። እኛ ልጆች «አባባ» እያልን ስለምንጠራቸው እዚህም በዚሁ ስም እጠራቸዋለሁ። አባባ ኩላሊታቸው ላይ የወጣው ካንሰር በኦፕራሲዮን ከተነሣላቸው በኋላ፣ በሽታው ተመልሶ እንዳይመጣ የሰውነትን የመከላከያ ኀይል የሚቀሰቅስ አዲስ መድኃኒት በየስድስት ሳምንቱ በደም ሥራቸው ይሰጣቸዋል።

እናቴ «እንኳን ደኅና ገቡ በላቸው» ብላ ምግብ አስይዛ ላከችኝ። ስገባ አባባ በቀይ አፈር በተለቀለቀው ነደባ ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ከግድግዳው ጋራ ሲያሹ አየኋቸው። እኔም ጨዋታ ያወቅሁ መስሎኝ ያንን ተረት ጣል አደረግሁላቸው። እሳቸውም ሣቁ። ሣቃቸውን ሳይጨርሱ ግን እጅጌያቸው ከፍ ሲል፣ ክንዳቸው ከአንጓቸው እስከ ክርናቸው ድረስ ተቧጭሮ፣ አሮጌው ቁስል በአዲሱ ተደርቦ ታየኝ። ታላቅ እኅታቸውም ሌሊት ሌሊት በቤቱ ውስጥ ሲንጎራደዱ እንደሚያድሩ፣ ጧት ጧትም አንሶላቸው ላይ የደም ነጠብጣብ እንደምታገኝ ነገረችኝ። ያን ጊዜ ቀልዴ አፌ ውስጥ ደረቀ።

«ለሐኪሞቹ ነግረዋቸዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን ብዬ ልንገራቸው? ከካንሰር ያዳነኝን ሰው አሳከከኝ ብዬ ላስቸግረው?» አሉኝ።

ነገሩን እያደር ስጠይቃቸው ግን ዝም ያሰኛቸው ይሉኝታ ብቻ አለመሆኑን ተረዳሁ። አንደኛ፣ ሐኪም ቤት ሲሄዱ የምታስተረጉምላቸው የልጅ ልጃቸው ናት፤ የሚያሳክካቸውም ለልጅ ልጅ በማይነገር ቦታ ጭምር ነው። ስለዚህ ነርሷ «እንዴት ሰነበቱ?» ባለቻቸው ቁጥር «ደኅና ነኝ» ይላሉ፤ ልጅቱም «ደኅና ነው» ብላ ታስተረጉማለች። ሁለተኛ፣ ነገሩን ከሰሙ መድኃኒቱን ይከለክሉኛል ብለው ፈርተዋል። እኅታቸው ደግሞ በተቃራኒው፣ «ይኽን መርዝ ተውና እዚሁ በጥቁር አዝሙድ ዘይት እናሽህ» ይሏቸዋል። እንግዲህ አንድ ሰው በሁለት ፍርሃት መካከል ተይዞ ሁለት ወር ሙሉ ሌሊቱን በጥፍሩ ሲታገል ኖሯል ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ማሳከክ ለምን ከዚህ መድኃኒት ጋራ እንደሚመጣ ለመረዳት የጀጎልን በሮች ማሰብ ይበቃል። በአሚሮቹ ዘመን አምስቱ በሮች ሌሊት ይዘጉ ነበር፤ በር ጠባቂውም ወዳጅን ከጠላት ለይቶ ማሳለፍ ነበረበት። በሰውነታችንም ውስጥ እንዲህ ያሉ ጠባቂ የደም ሴሎች አሉ። ጠባቂዎቹ ባለቤቱን ራሱን እንዳይጎዱ ተፈጥሮ ልጓም አብጅታላቸዋለች። ካንሰር ደግሞ ብልጥ ጠላት ነውና ያንን ልጓም ይዞ ይጎትታል፤ ጠባቂውም ወዳጅ መስሎት ዝም ይላል። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ይኽን ልጓም በመፍታት ጠባቂው ካንሰርን እንዲዋጋ ማድረግ እንደሚቻል ስላሳዩ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል። ከዚህ ወገን የሆነው የመጀመሪያው መድኃኒት ኢፒሊሙማብ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ደግሞ በ2014 ተፈቅደዋል።

ልጓሙ የተፈታለት ጠባቂ ግን ጠላትን ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ የከተማውን ነዋሪ ራሱን ያስቆማል። ብዙ ጊዜም መጀመሪያ የሚጋጨው ከቆዳ ጋራ ነው። እንደ መድኃኒቱ ዓይነትና እንደ አሰጣጡ፣ ከዐሥር ሕሙማን ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት፣ ሁለት መድኃኒት ተጣምሮ ሲሰጥም ከዚያ የሚበልጡት ማሳከክ ያገኛቸዋል። ሽፍታ ሳይታይ ቆዳው ንጹሕ መስሎ የሚያሳክክበትም ጊዜ አለ። ሕክምናው ካበቃ ከወራት በኋላ የሚጀምረውም አይጠፋም። ስለዚህ የአባባ ነገር የንጽሕና ጉድለትም፣ የአእምሮ ጭንቀትም፣ የእርጅና ንጭንጭም አልነበረም።

እዚህ ላይ «ከሞት ጋራ ሲነጻጸር ማሳከክ ምን አላት?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔም እንዲህ ካሉት አንዱ ነበርሁ። ነገር ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የትዕግሥት አባት አድርጎ የሚያከብረውን ኢዮብን እናስብ። ልጆቹንና ሀብቱን ያጣው ያ ሰው፣ በመጨረሻ ዐመድ ላይ ተቀምጦ በገል ሰውነቱን ሲፍቅ ነው መጽሐፉ የሚያሳየን። በሙስሊሞችም ዘንድ አዩብ መፈወሻው የሚታጠብበትና የሚጠጣው ቀዝቃዛ ውኃ ነበር። አበው ማሳከክን ከመከራዎች ሁሉ ተርታ ያሰለፉት ያለ ምክንያት አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ሕመምተኛ ምግብ ይጠላል፤ ይናደዳል፤ የተቧጨረውም ቆዳ ለተሐዋስያን በር ይከፍታል። ከሁሉም የከፋው ግን፣ ሰው ትግሉ ሲሰለቸው የሚያድነውን መድኃኒት ራሱ መጣሉ ነው።

ይኽም በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ለወባ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ይሰጥ የነበረውን ክሎሮኪን ወላጆቻችንን ብንጠይቅ መራራነቱን ብቻ አይነግሩንም። ከወሰዱት በኋላ መዳፍንና ውስጥ እግርን እንደ መርፌ እየወጋ የሚያሳክከውንም ያስታውሳሉ። ይኽ ማሳከክ በተለይ በጥቁር አፍሪካውያን ላይ የሚበዛ እንደሆነና በተለመደው የአለርጂ ክኒን በቀላሉ እንደማይበርድ ሐኪሞች ጽፈዋል። በዚህ የተነሣ የሦስቱን ቀን መድኃኒት ሳይጨርስ የተወ ሰው በመላው አፍሪካ ብዙ ነበር። ወባው ግን አልተወውም።

ሐረርጌ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አላት። ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ የሚገኘውን የቢሲዲሞን ሐኪም ቤት የማያውቅ ያገራችን ሰው ጥቂት ነው። ቦታው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያ ሆኖ የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመን አገር ዉርትስቡርግ ከተማ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ረድኤት ማኅበር የመጀመሪያ ሥራውም ይኸው ቢሲዲሞ ነበር። የሥጋ ደዌን ሕክምና የሚያውቁ ሁሉ «ሪአክሽን» የሚሉትን ነገር ያውቁታል። ሕመምተኛው መድኃኒት ሲጀምር ተኝቶ የነበረው የሰውነቱ መከላከያ አንዳንድ ጊዜ ይነቃና በተሐዋስያኑ ላይ ይነሣል፤ ያን ጊዜ የቆዳው ምልክት ይቀላል፣ ያብጣል፣ ነርቩም ይታመማል። ሕመምተኛው «መድኃኒቱ ሊገድለኝ ነው» ብሎ ይሸሻል። ሐኪሙ ግን «መድኃኒቱን አታቋርጥ፤ ቁጣውን የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት እጨምርልሃለሁ» ይለዋል። በጊዜ የተናገረው እጁንና እግሩን ያተርፋል፤ የደበቀው ነርቩ ይሞትበታል። አዲሱ የካንሰር ሕክምና ዛሬ የሚነግረን ነገር፣ ቢሲዲሞ ከብዙ ዓመታት በፊት ሲያስተምረን የነበረው ነው።

በዚያው ልክ ቆዳን በሚመለከት ያለብን ዕፍረትም ከዚህ ታሪክ የተወረሰ ይመስለኛል። ሰው ሲያክ ያየ ጎረቤት ወዲያው ተላላፊ በሽታ ያስባል። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በአማራ ክልል የእከክ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ስንት ልጅ ከጓደኞቹ ተለይቶ እንደ ተቀመጠ መገመት አያስቸግርም። የአባባ ዓይነቱ ማሳከክ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይኽን ለጎረቤት መንገር የቤተሰብ ተግባር ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በዚያ ማታ አባባ ከኪሳቸው ቦርሳ ውስጥ የመድኃኒቱ ስምና የሐኪም ቤቱ ስልክ የተጻፈባት አንዲት ትንሽ ካርድ አወጡልኝ። ካርዷ ሁለቱን ወር ሙሉ ከደረታቸው አልተለየችም። ደወልን። እኔ አስተረጎምሁ። አባባም ከወጣት ወንድ ጋራ ስለ ነበሩ ያሳከካቸውን ቦታ ሁሉ ሳይሸሽጉ ተናገሩ። ነርሷ እንደ እኔ አልሣቀችም፤ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። የጥያቄዎቿን ምክንያት በኋላ ሐኪሙ ስላስረዳኝ ለአንባቢዬ ላካፍል።

«ማሳከኩ ከዜሮ እስከ ዐሥር ቢለካ ስንት ይሆናል? ሌሊት ስንት ጊዜ ያነቃዎታል?» አለች፤ የሕክምናው ዓይነት የሚወሰነው በክብደቱ ስለሆነ ነው። «ውኃ የቋጠረ ነገር አለ? አፍዎ ውስጥ ወይም ዐይንዎ ላይ ቁስል አለ? ቆዳዎ ይላጣል? ትኩሳትስ?» አለች፤ እነዚህ ሲገኙ ነገሩ ለነገ የማይባል አደገኛ የቆዳ ቁጣ ሊሆን ይችላልና። ውኃ የሚቋጥረው ሕመም አንዳንዴ ከብዙ ሳምንት በፊት በማሳከክ ብቻ ይጀምራል። «የዐይንዎ ነጩ ቢጫ ሆኗል? ሽንትዎ ጠቁሯል?» አለች፤ መድኃኒቱ ጉበትን ከነካ የሚያሳክከው ከዚያ ሊመጣ ይችላል። «በቤቱ ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ? አዲስ መድኃኒት ጀምረዋል?» ብላም ጠየቀች፤ ተራ እከክን ወይም የሌላ መድኃኒት ቁጣን ለመለየት ነው።

በማግሥቱ እዚሁ ሐረር ሐኪም ዘንድ ካርዷን ይዘን ሄድን። ሐኪሙ መላ ሰውነታቸውን መረመረ፤ የጉበታቸውን ደም አስመረመረ፤ ከቶሮንቶ ሐኪማቸውም ጋራ ተነጋገረ። የታዘዘላቸው ነገር የሚያስደንቅ አልነበረም፤ ቀን ሁለት ጊዜ በሚያሳክከው ቦታ የሚቀባ የኮርቲዞን ወገን ቅባት፣ የአለርጂ ክኒንና ሽታ የሌለው ቫዝሊን ነው። ይኽ ካልበቃ የነርቭን ስሜት የሚያበርዱ እንደ ጋባፔንቲን ያሉ መድኃኒቶች፣ ከባድ ሲሆንም ለተወሰነ ጊዜ የሚዋጥ ፕሬድኒሶሎን መኖሩን ነገራቸው። ኮርቲዞንን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሱቅ ገዝቶ መቀባትም መዋጥም እንደማይገባ አጥብቆ አስጠነቀቃቸው።

እኔ ደግሞ የቤት ውስጡን ምክር በወረቀት ጻፍሁ። ሰውነትን በሞቀ ሳይሆን ለብ ባለ ውኃ ለአጭር ጊዜ መታጠብ፤ የልብስ ሳሙናና ሽቶ ያለበትን ሳሙና መተው፤ እርጥበቱ ሳይደርቅ ቫዝሊኑን መቀባት። ከሥር ስስ የጥጥ ልብስ መልበስ፣ ሱፍ ቆዳን እንዳይነካ ማድረግ። ጥፍርን ማሳጠር፤ ሲያሳክክ ከመቧጨር ይልቅ በመዳፍ ጫን ማለት ወይም በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግ። ውኃ በማይወርድበት ቀን እንኳ አንድ ጣሳ ውኃ ለዚህ ይበቃል። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ስሙ ያልተጻፈበት ቅባት በተላጠ ቆዳ ላይ እሳት መጨመር ስለሆነ አይደረግም። እኅታቸውም ይኽን ሁሉ ሲሰሙ ዘይቱን አስቀመጡና የቫዝሊኑን ቆርቆሮ ራሳቸው ያዙ።

በአራተኛው ሌሊት አባባ እስከ ንጋት አዛን ድረስ ተኙ። ስምንት የነበረው ማሳከክ ወደ ሦስት ወረደ፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም። የፈሩትም አልደረሰባቸውም፤ ቀጣዩን መድኃኒት በቀኑ ወሰዱ። ሐኪሞች ማሳከኩ ከባድ ሲሆን መድኃኒቱን ለጊዜው ያቆዩታል፤ ብዙ ጊዜም ሲበርድ መልሰው ይሰጣሉ። ቀላሉን ማሳከክ በጊዜ የተናገረ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ሊታከም ይችላል፤ ከባድ እስኪሆን የደበቀ ግን መቋረጡን ራሱ ይጠራዋል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለዚህ ነው። እኔም ያለ ቦታው በጠቀስሁት ተረት ፈንታ መጥቀስ የነበረብኝ ይኽን ነበር።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ተማሪዎችና ወደ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ልመለስ። ይኽ መድኃኒት በዋጋው ውድነት ምክንያት በአገራችን ገና በሰፊው የሚገኝ አይደለምና «እኛን ምን አገባን?» እንል ይሆናል። ነገር ግን ማሳከክ የዚህ መድኃኒት ብቻ አይደለም። ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ሞርፊን ያሳክካል፤ የሐሞት መውረጃ ሲዘጋ ያሳክካል፤ ሆጅኪን የሚባለው የዕጢ ካንሰር አንዳንድ ጊዜ በማሳከክ ይጀምራል። ዛሬ በሐረር ሕይወት ፋና ሐኪም ቤት የካንሰር ሕክምና ለማግኘት ከሐረርጌ ገጠርና ከሶማሌ ክልል ብዙ ሰው ይመጣል። ከእነዚህም አንዱ የእኛ አባት ወይም አክስት ሊሆን ይችላል፤ ከአጠገባቸው ቆሞ የሚያስተረጉመውም እኛው ነን።

በሐረር ከተማ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌውና አማራው በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ በሐኪም ክፍል ውስጥ ግን የበሽተኛው ቋንቋና የሐኪሙ ቋንቋ ሁልጊዜ አይገጥምም። ስለዚህ የተማረ ልጅ በመካከል ይገባል። እኛም ብዙ ጊዜ ቸኩለን፣ ወይም አፍረን፣ ወይም ሐኪሙን እንዳናስቸግር ፈርተን የሰውየውን ሥቃይ እናሳጥረዋለን። አሮጊቷ ሩብ ሰዓት የተናገረችውን «ትንሽ ያሳክካታል» ብለን በሁለት ቃል እንጨርሰዋለን። ይኽ ትሕትና አይደለም፤ የሰውን ቃል መስረቅ ነው። ሐኪሙም ቢሆን ወረፋው ረጅም፣ ጊዜው አጭር መሆኑ ባይካድም፣ «ሌሊት ይተኛሉ?» ብሎ ለመጠየቅ የሚፈጀው ጥቂት ሰኮንድ ነው። በየቢሮው «እከክልኝ ልከክልህ» ለሚባለው መጠቃቀም ጊዜ የማያጣ ሕዝብ፣ በእውነት ለሚያሳክከው ሰው አንዲት ጥያቄ ሊነፍግ አይገባውም።

ቻይነት መልካም ጠባይ መሆኑን አልክድም። ወላጆቻችን ብዙ ችለው አሳድገውናል። ነገር ግን መቻል ማለት መፍትሔ የሌለውን መከራ መሸከም እንጂ መፍትሔ ያለውን መደበቅ አይደለም። ይኽን ልዩነት ለሽማግሌዎቻችን በአክብሮት ማስረዳት የእኛ ድርሻ ነው።

አባባ ሊሄዱ ሲሉ ከፈረስ መጋላ አንድ የተማሪ ደብተር ገዛሁላቸው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰውን ቅርፅ ከፊትና ከኋላ ሣልሁ፤ በየማታው የሚያሳክካቸውን ቦታ በእርሳስ ምልክት ሊያደርጉበት፣ ከጎኑም ከዜሮ እስከ ዐሥር ቍጥር ሊጽፉበት ተስማማን። እንዲህ ሲሆን የልጅ ልጃቸው ማስተርጐም ሳያስፈልጋት ደብተሩን ለነርሷ ማቀበል ይበቃታል። አባባ ሥዕሉን ትኩር ብለው አይተው፣ «ይኼን ሰውዬ እኔን አስመስለህ አወፈርኸው» አሉኝና ሣቁ። ከዚያም እርሳሱን ተቀብለው የመጀመሪያውን ምልክት ራሳቸው አደረጉ፤ ያፍሩበት በነበረው ቦታ ላይ።